ጡረታ ወጥቶ ጎጃም መግባት፦ ስለ ቤት ግብርና ስለ ቦታ ኪራይ ያየሁት

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባን ለቅቀን ቀሪ ዘመናችንን በትውልድ አገራችን በጎጃም፣ ሐኪም ቤትና ባንክ ባላት አነስተኛ ከተማ ለመኖር ወሰንን። ከደጀን እስከ እንጅባራ ባለው አስፋልት ላይ የተደረደሩትን ከተሞች አንድ በአንድ እያየን ቤት ስናፈላልግ ዘመዱም ወዳጁም የሚያነሣልን ስለ አየሩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርበትና ስለ ጎረቤቱ ጠባይ ነበር። ስለ ግብር ግን የጠየቀንም፣ ያስጠነቀቀንም ሰው አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ በሒሳብ ክፍል ስለሠራሁ ነገሩ ያሳስበኝ ነበርና ደላላውን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ግብሯማ ምን አላት! የዓመቱ ተደምሮ የአንድ ቀን አስቤዛ አይሆንም» ብሎ ሳቀብኝ።

ደላላው አልዋሸም። በዚያን ጊዜ በብዙዎቹ ከተሞች የሚከፈለው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር መሠረቱ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነበር። በዚያ አዋጅ መሠረት ቦታው በካሬ ሜትር፣ ቤቱ ደግሞ በዓመት ሊከራይ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ዋጋ ይታሰባል። ግምቱ ድሮ የተገመተ፣ ከዚያም ወዲህ እምብዛም ያልታደሰ ስለሆነ ክፍያው ትንሽ ሆኖ ቆይቷል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የዛሬው ክፍያ ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን ነገ ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው ነገር ነው። ደመወዝተኛ ግብር ሲጨምርበት እድገት ወይም ሌላ ሥራ ሊያስብ ይችላል፤ ባለ ጡረታ ግን መንግሥት የአበል ማስተካከያ እስኪያደርግለት ድረስ ያችኑ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ከተማ ስንመርጥ «ግብሩ ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ግብሩ በምን ላይ ነው የሚሰላው? ምን ሲለወጥ ይጨምራል?» የሚለውን ማስቀደም እንዳለብን ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ይህን ጥያቄ ይዘን መዞራችን ከሁለት ትላልቅ ጣጣዎች አድኖናል።

የመጀመሪያው ጣጣ ያጋጠመን ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ከተማ ነው። ቤቱ አሮጌ ቢሆንም ግቢው ሰፊ፣ አቮካዶና ጌሾ ያለበት፣ ጥላው ደስ የሚል ነበር። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ካርታውን ካየሁ በኋላ የግብር ደረሰኞቹንም እንዲያሳዩኝ ስለምናቸው ጓዳ ገብተው በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ወረቀት አመጡ። ቋጠሮውን ፈትተው ደረሰኞቹን በመደቡ ላይ አንድ በአንድ ዘረጉልኝ፤ የካርቦኑ ቀለም ደብዝዞ አንዳንዱ ሊነበብ አይችልም። ከሚነበቡት ሁለት ነገር ተረዳሁ። አንደኛው የመጨረሻው ክፍያ ከተከፈለ ብዙ ዓመት ማለፉ ነው። «አያ፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ማን ሄዶ ይክፈለው? እኔስ የት እንደሚከፈል መች አውቃለሁ» አሉኝ። ሁለተኛው ደግሞ በደረሰኙም በካርታውም ላይ የተጻፈው የቦታ ስፋት 300 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ አጥሩ ያቀፈው ግቢ ግን በዓይን ግምት እንኳ ከዚያ በጣም የሚበልጥ መሆኑ ነው።

ይህ ለገዢ ምን ማለት እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። ውዝፍ ግብር ከነቅጣቱና ከነወለዱ ሳይከፈል ማዘጋጃ ቤቱ የስም ዝውውር አይፈጽምም። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ውዝፉ ቢገኝ፣ ከፋዩ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ይሆናል። ውዝፉስ ቢሆን በገንዘብ ያልቃል፤ ይብስ የነበረው የቦታው ነገር ነው። እኛ የተጠየቅነው ዋጋ የሰፊው ግቢ ዋጋ ነበር፤ ሕጋዊው ይዞታ ግን 300 ካሬ ብቻ ነው። ትርፉን መሬት ከተማው ለሌላ ሥራ ቢፈልገው ሊወስደው፣ ባይፈልገውም በሊዝ፣ ማለትም መንግሥት የከተማ ቦታን ለተወሰነ ዘመን በውል በሚሰጥበት ዋጋ፣ ክፈሉ ሊለን ይችላል። አቮካዶው የቆመው ደግሞ በትርፉ መሬት ላይ ነው። እናታችንን አመስግነን፣ ውዝፉን በክፍል በክፍል እንዲከፍሉ ልጃቸው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ እንዲያመለክትላቸው መክረን ተመለስን። ለአንባቢ የምለው፣ ሻጭ ካርታ ሲያሳያችሁ ደረሰኙንም ጠይቁ፤ ካርታ መብቱን ሲያሳይ ደረሰኝ ግን የቤቱን ታሪክ ይናገራል። ከዚያም ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ራሳችሁ ለኩ።

በነገራችን ላይ መለካትን የማይወድ አረጋዊ በጎጃም ሞልቷል፤ እኔም አባቴ እንዲሁ ስለነበሩ አልፈርድባቸውም። በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም ወረዳዎች ሕዝቡ ሲነሣ፣ ከግብሩ ይልቅ ያስቆጣው መሬቱ ተለክቶ ርስቴን አጣለሁ የሚለው ስጋት ነበር። ዛሬ በከተማ ቦታ ላይ ነገሩ ተገላብጧል፤ በትክክል የተለካና የተመዘገበ ይዞታ ለባለቤቱ መከታ ነው፤ የሚያሰጋው ያልተለካው ነው።

ሁለተኛውን ጣጣ የተማርኩት ከአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እርሱ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ በሌላ ከተማ ነባር ይዞታ ላይ፣ ማለትም የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት በተያዘ ቦታ ላይ፣ ያረፈ ቤት ገዛ። ሻጩ በየዓመቱ ይከፍላት የነበረችውን ትንሽ የቦታ ኪራይ እኔም እቀጥላለሁ ብሎ ወጪውን አስልቶ ነበር። ስም ለማዛወር ሲሄድ ግን ይዞታው ወደ ሊዝ መግባት እንዳለበት ተነገረው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል። ሻጩ የሚከፍለውና ገዢው የሚከፍለው በአንድ ቦታ ላይ ሆኖ ሳለ ፈጽሞ የማይገናኝ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ባልደረባዬ ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ አሁንም ይታወሰኛል፤ ለቤቱ እድሳት ያስቀመጠው ገንዘብ ሁሉ እዚያው ሄደ።

«ከውርስ በስተቀር» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የእናት የአባታቸው ቤት በአንድ ከተማ ውስጥ ያላቸው ሰዎች፣ ቤቱ አርጅቷል ብለው ሸጠው አዲስ የተሠራ ቤት ሊገዙ ሲነሡ አያለሁ። የወረሱት ቤት ከነባር ይዞታነቱ ሳይወጣ ሊቀጥል የሚችል ሲሆን የሚገዙት ግን ሊዝ ይከተለዋል። ወራሾች ተስማምተው የውርስ ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተው፣ አንዱ ቤቱን ይዞ ለሌሎቹ ድርሻቸውን የሚሰጥበትን መንገድ ከሕግ አዋቂ ጋር ሳይመክሩ መሸጥ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለውን ያስከትላል። ሕግ ይሻሻላልና፣ በምትገዙበት ዓመት የሚሠራበትን ደንብ ከከተማው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ እንጂ የእኔን ቃል ብቻ አትያዙ።

ቦታው ከመጀመሪያውም በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። የመኖሪያ ቤት ሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ባለይዞታው ቅድመ ክፍያ ከፍሎ ቀሪውን በየዓመቱ ከወለድ ጋር ይከፍላል። ስለዚህ የሊዝ ውሉን አስወጥታችሁ ምን ያህል እንደተከፈለና ምን ያህል እንደቀረ ማየት ያስፈልጋል። ዋጋው ወረድ ያለ የሚመስል ቤት ቀሪ ሊዙ ሲደመርበት ከጎረቤቱ ሊበልጥ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ከተሞቹን ማወዳደር ጀመርን። ቀድሞ ስለ ነፋሻነታቸው የምናወራባቸውን ከተሞች አሁን በሌላ ዓይን አየናቸው። የቦታ ኪራይም ሆነ የሊዝ መነሻ ዋጋ የሚወሰነው በከተማው ደረጃና በከተማው ውስጥ ባለው የቦታ ደረጃ ነው። አስፋልት ዳር፣ መናኸሪያ አጠገብ፣ ለንግድ የተመደበ ሠፈር ከሆነ ከፍ ይላል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ዝቅ ይላል። ከተማ ሲያድግ ደግሞ ደረጃው ይለወጣል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እንዴት እንደሰፋ ድሮ የሚያውቀው ሰው ይመሰክራል። እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ አግኝቷል። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶለታል፤ ባለ ሀብት በሚጎርፍበት ከተማ የመሬት ዋጋ ባለበት አይቆምም። ለወጣት ነጋዴ ይህ መልካም ዜና ነው። ቤቱን የመሸጥ ሐሳብ ለሌለው ሽማግሌ ግን የቦታው ዋጋ ማደግ በኪሱ የሚገባ ብር ሳይሆን በሚከፍለው ላይ የሚጨመር ነው።

ታዲያ ርካሹን ፈልጎ ወደ ትንሿ ከተማ መግባት ነዋ የሚል ይኖራል። እኛም አስበነው ነበር። ከአስፋልቱ ገባ ያሉ፣ የራሳቸው ማዘጋጃ ቤት ገና የተቋቋመላቸውን ከተሞች ተዘዋውረን አየን። ግብሩ በእርግጥ ትንሽ ነው። ነገር ግን ውሃው በሳምንት አንዴ የሚመጣ፣ የውስጥ ለውስጡ መንገድ በክረምት የማይረገጥ፣ የታመመ ሰው ሆስፒታል ለመድረስ መኪና ኮንትራት መያዝ ያለበት ሆኖ አገኘነው። ከዚህም በላይ ግብር በሌለበት መዋጮ አለ። ለመንገድ፣ ለመብራት ምሰሶ፣ ለትምህርት ቤት አጥር፣ ለሮንድ ጥበቃ እየተባለ በየጊዜው የሚጠየቀው ተደምሮ ግብሩን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል፤ ከከተማ የመጣ ጡረተኛ ደግሞ ገንዘብ ያለው ስለሚመስል ድርሻው ከፍ ይደረግበታል። መዋጮውን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ መንገዱ የሚሠራው በእርሱ ነው። ነገር ግን በዓመት በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። አንድ ሠፈር ስትመርጡ የዕድሩን ዳኛ አግኝታችሁ «ባለፉት ዓመታት ለምን ለምን አዋጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከማንኛውም ቢሮ የተሻለ መልስ የምታገኙት እዚያ ነው።

በመጨረሻ የመረጥነው ፍኖተ ሰላምን ነው። የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ በመሆኗ ሆስፒታልም፣ ባንክም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አሏት፤ አየሯም እንደ ደብረ ማርቆስ ብርዳም አይደለም፤ የባለቤቴ ጉልበት ብርድ አይወድም። ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ለመኖሪያ ብቻ በተመደበ ሠፈር ውስጥ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የከተማውን ፕላን አስወጥተን ያ ሠፈር ወደ ንግድ ወይም ወደ ቅይጥ አገልግሎት የመለወጥ ዕቅድ እንደሌለበት አረጋግጠናል። ይህን ማየት ነጻ ነው፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ግቢው ትንሽ ነው። ባለቤቴ ሰፊ ግቢ ፈልጋ ነበር፤ እኔ ደግሞ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዕድሜ ልክ የሚከፈልበት መሆኑን እያነሣሁ ስከራከራት ከረምኩ። አሁን ጎመንና ሰላጣ የምትተክልበት መደብ አላት፤ ይበቃናል ትላለች።

በግዢው ወቅት ስለሚመጡት የአንድ ጊዜ ክፍያዎች በአጭሩ ልግለጽ። እኛ በገዛንበት ጊዜ የባለቤትነት ማዛወሪያ የቴምብር ቀረጥ ከቤቱ ዋጋ 2 በመቶ ነበር፤ የዝውውርና የግምት አገልግሎት ክፍያም አለ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ሻጩ ከሽያጩ ባገኘው ትርፍ ላይ የሚታሰበው 15 በመቶ ግብር ደግሞ የሻጩ ዕዳ ቢሆንም፣ ብዙ ሻጮች በቃል ስምምነት ወደ ገዢው ያዞሩታል። በውሉ ላይ ማን ምን እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፍ። ሌላው፣ ቀረጡ እንዲያንስ ብላችሁ በውል ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ እንዳትጽፉ። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ግምት ስለሚይዝ የምታተርፉት ጥቂት ነው፤ ነገ ውሉ ቢፈርስ ግን ልትጠይቁ የምትችሉት የተጻፈውን ብቻ ነው።

ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ሁለት ነገሮች አስተሳሰባችንን ይበልጥ አጠነከሩት። አዲስ አበባ የቀረችው ኮንዶሚኒየማችን ተከራይታ ጡረታችንን ትደግፋለች። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ የቤት ግብሩን፣ በተለምዶ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚባለውን፣ ማስከፈያ ግምት ሲቀይር፣ ለብዙ ዓመታት ከቁም ነገር ሳንቆጥራት የኖርናት ክፍያ በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ሆነች። ቤቷ ያው ነበረች፤ የተለወጠው የሚሰላበት መነሻ ብቻ ነው። ደላላው «ምን አላት» ያላት ዓይነት ግብር እንዴት እንደምትነሣ በገዛ ቤታችን አየን። የጡረታ አበል ከገቢ ግብር ነጻ ቢሆንም ከቤት ኪራይ የሚገኝ ገቢ ግን ከቤት ግብሩ ሌላ የራሱ ግብር እንዳለበትም አትርሱ። ጡረታ ላይ መደገፊያ ይሆናል ብላችሁ በግቢያችሁ ሰርቪስ ቤት ሠርታችሁ ልታከራዩ ካሰባችሁ፣ የግንባታ ፈቃዱም ተጨማሪው ግብርም ከሒሳቡ ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛው፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክ ሲቋረጥ፣ መሥሪያ ቤቶችም ሥራ ሲያቆሙ ግብር ለመክፈል ሄዶ መመለስ ተለመደ። በኋላ የዘገየበት ቅጣት ሊታሰብብኝ ሲል ያዳነኝ፣ ቢሮው ተዘግቶ በተመለስኩ ጊዜ በቀበሌው በኩል ያስገባሁት ማመልከቻ ቅጂ ነው። ደረሰኝና ማመልከቻ ሁልጊዜ በሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሌላ ከተማ ካለ ልጅ ወይም ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፤ በስልክ ፎቶ ማንሣትም ይቻላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከተማ የሚመርጥ ሰው ሰላሙን ከግብሩ ማስቀደሙ ግልጽ ነው፤ ስለዚያ ምክር የሚሻ የለም።

በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ክልሎችና ከተሞች በየራሳቸው ሕግ የሚያስፈጽሙት ሲሆን፣ ዋናው ለውጥ ክፍያው ከጥንቱ የኪራይ ግምት ወጥቶ ከገበያ ዋጋ ጋር መታሰሩ ነው። ግብሩ የሚሰላው በገበያ ዋጋው 25 በመቶ ላይ ነው፤ ማስከፈያው ለመሬት መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው። ለምሳሌ ቦታውና ቤቱ በድምሩ 4 ሚሊዮን ብር ቢገመት ግብሩ በ1 ሚሊዮን ብር ላይ ይታሰባል፤ ማስከፈያው ግማሽ በመቶ ቢሆን በዓመት 5,000፣ አንድ በመቶ ቢሆን 10,000 ብር ይመጣል። ይህን ገንዘብ ከራሳችሁ የወር አበል ጋር አስተያዩት። ቀጥሎ ደግሞ የቦታው ዋጋ በእጥፍ ቢያድግ ብላችሁ እንደገና አስሉት። ሁለተኛውን ስሌት የምትችሉት ከሆነ ከተማዋ ትሆናችኋለች፤ ካልሆነ አነስ ያለ ግቢ ወይም ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሠፈር ፈልጉ።

እኛ የዓመቱን ክፍያ ለአሥራ ሁለት አካፍለን በየወሩ ጡረታ እንደወጣ ለብቻ በተከፈተ የቁጠባ ደብተር እናስቀምጣለን፤ የባጀት ዓመቱ በሐምሌ ሲጀምር ገንዘቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። አሁን ከተማ እየመረጣችሁ ያላችሁ ደግሞ ወዲያው አትግዙ። አቅሙ ካላችሁ በመረጣችሁት ሠፈር ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ተከራይታችሁ ኑሩ፤ የአከራያችሁን የግብር ደረሰኝ ለማየት ጠይቁ፤ የሚያፍሩ አይደሉም፣ ያሳዩአችኋል። ማዘጋጃ ቤት ለመጠየቅ ስትሄዱም ሰኔን ተዉት፤ ሠራተኛው ሁሉ ሒሳብ በመዝጋት ተወጥሮ ስለሚሆን የሚያነጋግራችሁ አታገኙም። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ የካርታውን ቅጂና የሻጩን ደረሰኝ ይዛችሁ፣ ከረፋዱ በፊት ብትሄዱ መዝገቡን አውጥቶ የሚያሳያችሁ ሰው አይጠፋም።